ለሽምግልና የተገዛች ፒፓ

ጢም የሌለው ሰው የሚያየውን መከራ የሚያውቀው ጢም የሌለው ሰው ብቻ ነው። ዛሬ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ አናቴን የከዳው ፀጉር ሁሉ አገጬ ላይ ሰፍሯልና። የዚያን ጊዜ ግን፣ በደርግ ዘመን፣ መምህር ሆኜ ነገሌ ቦረና የተመደብኩ ሰሞን፣ ፊቴ ልስልስ ያለ የልጅ ፊት ነበር። በወታደር ኦራል መኪና ላይ ተጭኜ፣ ቀይ አቧራ ለብሼ ወርጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ብደርስ፣ ዘበኛው ገና አፌን ሳልከፍት "ምዝገባ አልቋል፤ ለከርሞ ና" አሉኝ። የምደባ ደብዳቤዬን አውጥቼ ባሳያቸው አገላብጠው አዩትና፣ "ታዲያ አባትህ ራሳቸው ለምን አልመጡም?" ብለው ጠየቁኝ።

ይህን የምዘበዝበው ስለ አንዲት ፒፓ ላጫውታችሁ ነው። ፒፓና ጢም ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ሰው የማያውቀው አገር ሲሄድ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቤት ይመስለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ሰው ነው። እኔ ጋልገሎን አገኘሁ። የሒሳብ መምህር፣ የቦረና ልጅ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው እንጂ ድምፁ የማይሰማ። እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። ጠዋት ጫማዬን ሳላራግፍ እንዳላጠልቅ፣ ጊንጥ እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሳገኝ "አካም" ብዬ እንዳልሮጥ፣ ቆሜ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የዝናቡን ሰላም እንድጠይቅ ያስተማረኝም እሱ ነው። እኔ በፈንታዬ ሽሮ መሥራት አስተማርኩት። በዚህ ንግድ ማን እንደከሰረ ሽሮዬን የቀመሰ ያውቀዋል።

ጋልገሎ በመሠረተ ትምህርት ሲያስተምር ዳርሚ የምትባል ልጅ ተማሪው ነበረች። እሷ ፊደሉን ቆጥራ ጨርሳ ምስክር ወረቀቷን ተቀበለች፤ እሱ እዚያው "ሀ" ላይ ቀረ። ዳርሚም እንደወደደችው አውቋል። ችግሩ አባትየው ኦቦ ጉዮ ነበሩ። ኦቦ ጉዮ ሊበን ሜዳ ላይ ከብት የሚያረቡ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ጋልገሎ አባቱ ስለሞቱ፣ አጎቱም ሩቅ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ የዕድሜ እኩዮቹን ሰብስቦ ሽምግልና ላከ። ኦቦ ጉዮ አንድ በአንድ ፊታቸውን አዩና "አገሩ ውስጥ ሽማግሌ ጠፍቶ ነው ወይስ እኔ ተንቄ ነው?" ብለው መለሷቸው። በዚያ ላይ ከወደራ በኩል ከብቱ ሜዳ የሚሞላ ሌላ ጠያቂ መልስ እየጠበቀ ነበር። ኦቦ ጉዮ "ለመጨረሻ ጊዜ እሁድ ኑ" አሉ። እሁድ ካልሆነ ዳርሚ ለወደራው ሰው ትዳራለች ማለት ነው።

አጎቱ ኦቦ ሃላኬ ከሩቅ መጡ። አብሯቸው ሊሄድ የታሰበውን ሽማግሌ ግን ቦሬ ላይ ዝናብ መንገድ ዘግቶ አስቀረው። ኦቦ ጉዮ የተማረ ሰው ያከብራሉ ተብሎ ስለሚወራ ጋልገሎ ወደ እኔ ዞረ። ኦቦ ሃላኬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኩት ጋልገሎን።

"ዝም ብሎ መቀመጥ ከቻለ ይበቃል አሉ።"

ከዚህ የቀለለ ሥራ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ዝም ብሎ መቀመጥ ድንጋይም ይችላል። እኔ ግን ቅን ሰው ነኝ፤ ቅን ሰው ደግሞ ካልጨመረበት አይሆንለትም። የጋልገሎን ነገር አያለሁ። እራቱን ይቆነጥራል እንጂ አይበላም። ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጠመኔውን እንደያዘ ይቆማል፤ ተማሪዎቹ መልሱን ነግረውት ይቀጥላል። የዚህ ልጅ ዕድል በእኔ አገጭ ምክንያት መበላሸት የለበትም አልኩ። ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የውጭ አገር ጢማሞች ስመለከት፣ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው በሐሳባቸው ሳይሆን በጢማቸው እንደሆነ ገባኝ። ጢም በአንድ ሳምንት አይበቅልም። ምን ይሻላል ስል፣ በልጅነቴ አገሬ ላይ የማውቃቸው አንድ ዳኛ ትዝ አሉኝ። ሰውየው ጢም አልነበራቸውም፤ ፒፓ ነበራቸው። ፒፓቸውን እስኪሞሉ፣ እስኪለኩሱ፣ አንዴ እስኪስቡ ድረስ ከሳሽም ተከሳሽም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። በቃ፣ መፍትሔው ተገኘ።

አባ ከድር ሱቅ ሄድኩ። አባ ከድር ሱቅ የማይገኝ ነገር የለም፤ የማይገኘው የሚፈለገው ነገር ብቻ ነው። ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፤ የሞያሌ ዕቃ ግን ሞልቷል። ፒፓዋ ከመስታወቱ በስተኋላ ከሰዓት ማሰሪያና ከመነጽር መሃል ተጋድማ ዓመታት ኖራለች። ቀይ ቡናማ፣ ቫርኒሽ የጠጣች፣ የምታብረቀርቅ።

"አባ ከድር፣ ይህቺን ፒፓ ይሸጡልኝ።"

"ላባትህ ነው ልጄ?"

"ለራሴ ነው።"

አዩኝና በኦሮምኛ ለባለቤታቸው አንድ ነገር አሉ። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ረዥም ሳቅ ሳቁ። ገዝቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሲጋራ ፈለፈልኩና ሞልቼ ለኮስኳት። መጀመሪያ የነደደው ትምባሆው ሳይሆን ቫርኒሹ ነው። የተቃጠለ ቀለም የሚሸት ጥቁር ጭስ ክፍሏን ሞላ። እትዬ አስካለ ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው በባልዲ ውሃ ይዘው ደረሱ፤ ማን እንደሚነድ ሳይጠይቁ እኔ ላይ ደፉት። ነገሩን ሲረዱ ባሰባቸው። "አርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል! የክርስቲያን ልጅ አይደለህም እንዴ? እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?" እያሉ አማተቡ። እኔ የተቃጠለ ምላሴን አውጥቼ አሳየኋቸው።

የፒፓዋን ጠባይ እንዴት ልንገራችሁ? ሲለኩሷት ትጠፋለች፤ ሲተዋት ኮት ውስጥ ትነዳለች። ሲስቧት በውሃ እንደሚሳብ ጋያ ታንጎራጉርና መራራ ውሃ አፍ ውስጥ ትተፋለች። አንድ ሙሉ ፓኮ ክብሪት ጨርሼ ያገኘሁት ጭስ ዝንብ አያባርርም። አዲስ ፒፓ ግልገል በቅሎ ናት፤ ሳትገራ አትጫንም። የሚገራትን ግን የት አባቴ ላግኘው? በከተማው ውስጥ ፒፓ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ፒፓ ምክር የማይሰጥ ሰው ደግሞ አልነበረም።

አባ ከድር "ውስጧን ማር ቀባና አሳድራት፤ ቫርኒሹን ልሶ ያነሳዋል" አሉኝ። ቀባሁ፤ አሳደርኩ። ጠዋት ኮት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ክፍል ገባሁ። የአባይን ወንዝ ከጣና እያወጣሁ ሳለ አንድ ነገር አንገቴ ላይ ነከሰኝ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ። ከዚያ ብብቴ ውስጥ። የነገሌ ጉንዳን ወደ ማር የሚሄድበትን መንገድ ማንም አያስጠናውም፤ ሰልፉ ከኪሴ ተነሥቶ ሸሚዜ ውስጥ ገብቷል። ኮቴን ጥዬ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ እየዘለልኩ ወጣሁ። አባይ ያን ዕለት ሱዳን ሳይደርስ ቀረ። ተማሪዎቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሲያዩኝ ብብታቸውን ያኩ ነበር።

እትዬ አስካለ ትምባሆውን ቢጠሉም እኔን ስለሚያዝኑልኝ ምክር አልነፈጉኝም። "በካቲካላ እጠባት፤ እንኳን ፒፓ ቁስልም ያጠራል" ብለው ከራሳቸው ጠርሙስ ቀዱልኝ። አጠብኳት። መድረቋን ሳልጠብቅ ትምባሆ ሞልቼ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ እሳት ቱፍ ብሎ ወጣና ግራ ቅንድቤን ይዞ ሄደ። መስታወት ሳይ አለቀስኩ። ሽማግሌ ለመምሰል የወጣሁ ሰው፣ የነበረኝን ጥቂት ፀጉርም አስረክቤ ተመለስኩ።

ወተት የሚያመጡልን አደ ጡሜ ደግሞ ነገሩን በራሳቸው መንገድ አዩት። "አዲስ ጮጮ ሳይታጠን ወተት አይያዝበትም፤ ይቺም ዕቃ ናት" ብለው ወሰዷት። በሣር ፈተጓት፣ በጋለ የወይራ ፍም አጠኗት፣ በቅቤ አሿት። ስትመለስ ሽታዋ እንዴት ያስደስታል! ወተት ብጠጣባት ያምርብኝ ነበር። ስለኩሳት ግን ቅቤው ቀለጠና በቱቦዋ በኩል አፌ ውስጥ ወረደ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፒፓም ነው።

ጋልገሎ ይህን ሁሉ እያየ ትከሻው ይርገፈገፋል። "ተዋት፤ እንዲሁ ና" ይለኛል። መሳቁ ራሱ ደስ ስለሚለኝ አልተውኩም። ያን ሰሞን የሚያስቀው ሌላ ነገር አልነበረም።

እሁድ ጠዋት ወጣን። የሊበን ሜዳ ጠዋት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ማስረዳት አልችልም። ሣሩ እስከ ሰማይ ጥግ ይሄዳል፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ሁሉም አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሳል። ዛሬም ከተማ ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ዓይኔን ጨፍኜ ወደዚያ እሄዳለሁ። ኦቦ ሃላኬ በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጋልገሎ ጠያቂው ራሱ ስለሆነ አብሮን አይገባም፤ ሰፈሩ ሳይደርስ አንዲት ግራር ሥር ቀረ። ኦቦ ሃላኬ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የትምባሆ ቅጠል እንድይዝላቸው ሰጡኝ። ከወደራ ገበያ ተመርጦ የተገዛ፣ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ቅጠል ነው።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገራችሁ። በቦረና ልጅ የሚጠየቀው በትምባሆ ነው። ጠያቂዎቹ ትምባሆውን ይዘው ይሄዳሉ፤ አባትየው ተቀብሎ ጉንጩ ውስጥ ካደረገው ልጅቷን ሰጠ ማለት ነው። ካልነካው ይዘውት ይመለሳሉ። አባት ሳይነካው ማንም አይነካውም። ጋልገሎ ይህን ያልነገረኝ ደብቆኝ አይደለም። እኔስ "ቀለበት ሲታሰር ቀለበቱን እንዳትውጠው" ብዬ ሰው አስጠነቅቃለሁ? እኔ ደግሞ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ተብሎ የተያዘ ስጦታ መስሎኛል።

ኦቦ ጉዮ ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉን። "ናጋ?" "ናጋ።" "ሎን ናጋ?" "ናጋ።" የሰው ሰላም፣ የከብት ሰላም፣ የጥጃ ሰላም፣ የዝናብ ሰላም ተጠየቀ። ከዚያ ስለ ግጦሽ ተወራ። ስለ ፊልቱ የከብት ገበያ ተወራ። ስለመጣንበት ጉዳይ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በመሃሉ ኦቦ ጉዮ ደጋግመው ፊቴን ያያሉ። በመጨረሻ በአማርኛ "መምህር፣ የዚህ በኩል ቅንድብህ የት ሄደ?" አሉኝ።

ጊዜው አሁን ነው አልኩ። ፒፓዬን ከኪሴ አወጣሁ። የያዝኩት የሲጋራ ትምባሆ በሙከራ አልቆ ኪሴ ውስጥ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። እጄ ላይ ግን ያ ሁሉ ቅጠል አለ። ነጩን ጨርቅ ፈታሁ፤ አንድ ቅጠል ቦጨቅኩ፤ ጠቅጥቄ ሞላሁና ክብሪት ጫርኩ።

ኦቦ ሃላኬ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከቤቱ በር ሥር የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። እንዲህ ነው እንጂ ፒፓ! አልኩ በልቤ፤ ዳኛው ትዝ አሉኝ። ሰውን እንዲህ ዝም ካሰኘሁ አይቀር ብዬ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ ሳብኩ።

ያቺ እርጉም ፒፓ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሠራች። ያ ቅጠል ደግሞ ሽማግሌ በጉንጩ ይዞት የሚውል እንጂ ሳንባ የሚችለው አይደለም። መጀመሪያ ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ ሊበን ሜዳ ከነከብቱ ዞረ። የተቀመጥኩበት በርጩማ ከሥሬ ሸሸና በጎኔ ወደቅኩ፤ ጠዋት የበላሁትንም ኦቦ ጉዮ እግር ሥር መለስኩት።

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት ልጅ ራሴን ደግፋ ወተት ታጠጣኛለች። "አይዞህ መምህር" አለችኝ። ዳርሚ መሆኗን ወዲያው አወቅኩ፤ ጋልገሎ ስለ ዓይኗ ስንት ምሽት አውርቶኛል። ኦቦ ሃላኬ መሬቱን በበትራቸው ይቆፍራሉ፤ ፊታቸው የሞተ ሰው ፊት ነው። ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም፣ ትልቅ ጥፋት እንደሆነ አወቅኩ።

ኦቦ ጉዮ ፒፓዋን አንስተው እያገላበጡ "እንዲህ ካሳመመህ ለምን ትጠጣለህ?" አሉኝ።

የመዋሸት አቅም አልነበረኝም። "ጢም ስለሌለኝ ነው" አልኳቸው። "ሽማግሌ ልምሰል ብዬ ነው። ጋልገሎ እንዳያፍር።"

ይህን በኦሮምኛ ለሴቶቹ ነገሯቸው። ማንም አልሳቀም። ይልቅ ኦቦ ጉዮ ጠጋ አሉኝ።

"ጋልገሎ ምንህ ነው? ዘመድህ ነው?"

"አይደለም።"

"አብሮ አደግህ?"

"አይደለም። ወባ ይዞኝ ራሴን ስቼ ሳለ፣ መኪና ሲጠፋ በጀርባው ተሸክሞኝ ጤና ጣቢያ ወስዶኛል። እስክነቃም መሬት ላይ ተኝቶ አስታሞኛል። ያኔ ካወቀኝ ወር አልሞላውም ነበር።"

ኦቦ ጉዮ ኦቦ ሃላኬን ዞረው አዩ። ኦቦ ሃላኬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸውም አልሰሙም። ጋልገሎ እንዲህ ያለውን አያወራም።

"ባለፈው የመጡት ደመወዙን ነገሩኝ" አሉ ኦቦ ጉዮ ቀስ ብለው። "ትምህርቱን ነገሩኝ። የወደራዎቹ የከብታቸውን ብዛት ነገሩኝ። ሰው መሸከም እንደሚችል የነገረኝ የለም።"

ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ነጭ ጨርቅ አነሱ። አቧራውን አራገፉ። እኔ ከቦጨቅኩት ቅጠል የቀረውን ቆረሱና፣ እኛን እያዩ፣ ጉንጫቸው ውስጥ አደረጉት። ኦቦ ሃላኬ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው።

ኦቦ ሃላኬ ለምርቃቱና ለቀሪው ነገር ሲቆዩ እኔን ነፋስ ይሻልሃል ብለው አስቀደሙኝ። ፒፓዋን ኦቦ ጉዮ አስቀሯት፤ እኔም መልሱልኝ አላልኩም። እየተንገዳገድኩ ግራሩ ጋ ስደርስ ጋልገሎ ከሩቅ አይቶኝ ተነሳ። ብቻዬን ነኝ፤ ኮቴ ተበላሽቷል፤ ፊቴ አመድ መስሏል። ቆሞ አየኝ። ፊቱ ላይ ተስፋው ሲወርድ አየሁት። "ተቀበሉ!" ልለው አፌን ብከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው፤ ጎንበስ ብዬ፣ እንባዬ እየወረደ ማስመለስ ጀመርኩ።

መጥቶ ግንባሬን ያዘልኝ።

"አይዞህ" አለኝ። "የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል። አንተ ምንም አላጠፋህም። አታልቅስ። ቤት ሄደን ሻይ አፈላልሃለሁ።"

ልናገር እሞክራለሁ፤ ሆዴ አያስችለኝም። እሱ ደግሞ የማለቅሰው ለእሱ አዝኜ መስሎት ጀርባዬን ያሻል። ዳርሚን ለዘላለም ያጣ መስሎት ሳለ እኔን ያባብላል። ኦቦ ሃላኬ ከሩቅ በትራቸውን ከፍ አድርገው እያወዛወዙ፣ እየሳቁ ሲመጡ እንኳ ዞሮ አላያቸውም። ከዚያ ወዲህ ስንት ሽምግልና ሄጃለሁ፤ ስንቱን ድሬአለሁ፤ በየሰርጉ ላይ ሙሽራውን ሳይ ግን የማስበው ያንን ግንባሬን የያዘ እጅ ነው።